ሳንሄድ የሄድንበት ዓመት

ጥቅምት 7

ጠዋት ወደ ታችኛው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ወርጄ ጫማ አሰፋሁ። ሙዝ ገዛሁ። የእማዬን የደም ግፊት ክኒን ከጤና ጣቢያ አመጣሁ። የጤና መድን ካርዳችንን አሳይቶ መውሰድ ነው፣ ክፍያ የለም። ሰልፉ ረጅም፣ ወሬው ከሰልፉ የረዘመ። ከሰዓት የጓሮውን ቧንቧ ስጠግን ዋልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው የውሃ ቆጣሪ አንብቤ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ የራሴ ቧንቧ ያንጠባጥባል! አገኘሽ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች። ሚስት አይደለችም፣ ሬዲዮ ናት።

ይህን እየጻፍኩ ስልክ ጮኸ...

ብሩክታዊት ናት! ልጄ፣ ከእንግሊዝ፣ ከሊድስ። ነፍሰ ጡር ናት። አምስተኛ ወሯን ይዛለች! እስካሁን ያልነገረችን "እንዳትጨነቁ" ብላ ነው አሉ። የካቲት መጨረሻ ትወልዳለች። "አባዬ፣ እማ ብቻዋን እንዳትመጣ። አንተም ና። ስድስት ወር አብራችሁን ሁኑ።" እሷም ባሏ ዳግምም ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፤ ሰው የላቸውም።

እኔ? አውሮፕላን? ...አያት?

ጥቅምት 8

ቀኑን ሙሉ አልተቀመጥኩም። ግቢውን ስንት ጊዜ ዞርኩት? አገኘሽ "ሰውዬ፣ መሬቱን ልትጨርሰው ነው" አለችኝ። እሷ ደግሞ ወጥ ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምራለች። ዝም ብለን በላነው።

ጥቅምት 13

ደስታው እንዳለ ነው። ግን ሐሳቡም መጣ። እማዬስ?

ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። አባዬ ካረፈ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኛ ጋ ናት። የምትበላው ከጡረታዬ ነው። የምትታከመው በጤና መድኑ ካርድ ነው። ካርዱ ላይ እኔ አባወራ፣ አገኘሽና እማዬ ከሥሬ ጥገኛ ተብለው ተጽፈዋል። ታዲያ ስድስት ወር ውጭ አገር ብቀመጥ ጡረታው ይቀጥላል? ካርዱስ ይሠራል? እህቴ ሻሺቱ ከጨንቻ ወርዳ እማዬ ጋ እቀመጣለሁ ብላለች። ጉልበትም ልብም አላት። ግን የሻሺቱ ካርድ የጨንቻ ነው፤ ለእማዬ አይሆንም።

ኤርጫፎን ጠየቅኩት። አብሮኝ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ ያልሰማው ነገር የለም።

"ውጭ የሄደ ጡረተኛ ስሙ ይሰረዛል" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"የታወቀ ነው።"

"ማን ተሰረዘ?"

"አንድ የሶዶ ሰው።"

"ስሙ ማነው?"

"ስሙማ ተሰረዘ አልኩህ!"

ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት እንዴት ሠራሁ?

ጥቅምት 20

ወደ ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጣሁ፣ ጡረታ ቢሮ። በመንገድ ላይ ዘዴ አሰብኩ፤ ለራሴ ነው ብዬ አልጠይቅም። ቢሰርዙኝስ? መስኮቱ ላይ ኢያኤል የምትባል ወጣት ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ። ጡረተኛ ነው። ልጁን ለማየት እንግሊዝ ሊሄድ ነው..."

"ጓደኛዎ ሠራተኛ የነበረው የት ነው?"

"ውሃ አገልግሎት።"

"ምን ነበር ሥራው?"

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። "ቆጣሪ... አንባቢ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ሳቀች። "ጋሽ ካሱ፣ የእናቴን ቤት ቆጣሪ ያነቡ የነበሩት እርስዎ አይደሉ? ውሻችን እርስዎን ሲያይ ብቻ ነበር የማይጮኸው።" ወዲያው ትዝ አለኝ። ሰማያዊ በር፣ ቆጣሪው ከጽጌረዳው ሥር። ትንሽ ልጅ ነበረች።

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ውልና ማስረጃ ሄጄ ለምተማመንበት ሰው ውክልና እሰጣለሁ፣ ወኪሌ ይቀበልልኛል። እዚያ ሳለሁ በሕይወት መኖሬን የሚያሳይ ወረቀት ከኤምባሲ አሠርቼ እልካለሁ።

"ካልላክሁስ?"

"እስኪልኩ ይቆማል። ሲልኩ ይቀጥላል። ሰው ስለተጓዘ ማን ይሰርዘዋል?" ከዚያ ጣቷን አነሳችብኝ። "ብቻ መሄድዎንም መምጣትዎንም አይደብቁ። የሚቸገሩት የሚደብቁት ናቸው።"

ከሴቻ እስከ ሲቀላ በእግሬ ወረድኩ። ባጃጅ ትዝም አላለኝ። ኤርጫፎ ጋ ጎራ ብዬ "የሶዶው ሰውህ ኤምባሲ ይሂድ" አልኩት።

ኅዳር 6

የቪዛ ቅጽ ስንሞላ ዋልን። ብሩክታዊት በስልክ ታዛለች፣ እኔ እመልሳለሁ። "ወደ አገርህ የሚመልስህ ምንድን ነው ይላል" አለችኝ። "እናቴ" አልኩ። ጻፈችው። "አባዬ፣ ጡረታህንም ልጨምርበት" አለች በኋላ። ድምጿ ትንሽ ተሰብሮ ነበር።

የግብዣ ደብዳቤዋን ተርጉማ አነበበችልኝ። ወላጆቼ በቆይታቸው ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ሥር ናቸው፣ ይላል። በትከሻዬ ተሸክሜ አባያ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆች ያሳየኋት ልጅ... እኔ በእሷ ሥር? ኮራሁ። ትንሽም ቆጠቆጠኝ፣ እውነቱን ልጻፍ።

ለእማዬ አምስት ወር ነው ብያታለሁ። ስድስት ማለት ከበደኝ። የአንድ ወር ውሸት።

ኅዳር 21፣ እሁድ

አገኘሽ ጉድ ሠራችኝ! ለጸሎት ቡድኗ "ለአሻራ አዲስ አበባ ልንሄድ ነው፣ ቪዛው እንዲሳካ ጸልዩልን" ነው ያለችው። እነሱ ደግሞ ከደስታቸው ብዛት የኋላውን ወደ ፊት አመጡት። ዛሬ ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ ስብከቱን ሲጨርስ "እንግሊዝ የሚሄዱትን ወንድማችንንና እህታችንን እንሸኛለን" ብሎ ወደ ፊት ጠራን።

ምን ልበል? መዘምራኑ ተነሡ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑብን። ከጨንቻ የወረዱ ዘመዶች በእጅ የተሸመነ ጋቢ አለበሱን፣ ለእኔ አንድ፣ ለአገኘሽ አንድ፣ ለሚወለደው ትንሽዬ አንድ። እናቶች በጠርሙስ የተፈጨ ቃሪያ ዳጣ፣ በከረጢት የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ሰጡን፤ ለአራሷ ነው። ጎረቤታችን ጌታነህ አለቀሰ። ትልቅ ሰውዬ! በቀበሌያችን የጤና መድን እየዞረ የሚመዘግበው እሱ ነው፤ የሰውን ሕመምም ደስታም የራሱ ያደርጋል።

ማይክሮፎኑን ሰጡኝ። "ቪዛው ገና አልመጣም" ልል ነበር። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ፊት አይቼ... "አመሰግናለሁ" ብዬ መለስኩት። ምርቃት መሃል ላይ ማን ያቋርጣል?

ኅዳር 25፣ አዲስ አበባ

አሻራ ሰጠን። የአገኘሽ በአንድ ጊዜ አለፈ። የእኔን ማሽኑ እምቢ አለው። የቆጣሪ ክዳን ሳነሳ ኖሬ የጣቴ መስመር ጠፍቷል! አሻራ የምትወስደው ልጅ በሶፍት ጠረገችው፣ ጫነችው፣ ደግማ ጠረገችው። በአራተኛው ያዘ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ከቤት ስንወጣ ጌታነህ ነው ሻንጣችንን መናኸሪያ ድረስ የተሸከመልን። አውቶቡሱ እስኪወጣ እጁን እያወዛወዘ ቆመ። እማዬ ለዚህ ሳምንት ሻሺቱ ጋ ጨንቻ ወጥታለች። ቤቱ ተቆልፏል።

ኅዳር 29

ተመለስን። ሲመሻሽ ሲቀላ ደረስን። የባጃጁ ልጅ በመስተዋቱ አየኝና "እንዴ ጋሼ! ከእንግሊዝ በዚህ ፍጥነት?" አለ።

አገኘሽ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። ቤት ስንገባ አልጋው ላይ ተቀመጠች። "የሰው ጋቢ ለብሰን፣ ተመርቀን፣ ተለቅሶልን... በምን ፊት ነው የምንወጣው?" እውነቷን ነው። ሰው ተሸኝቶ በሳምንቱ ሽንኩርት ሲገዛ ቢታይ ምን ይባላል? ደግሞ ቪዛው ቢከለከልስ? ጋቢው ይመለሳል?

ተስማማን። ቪዛው እስኪመጣ ብዙም አንታይም። እማዬም እስከዚያው ጨንቻ ትቆይ።

ታኅሣሥ 5

ሌባ ሆነናል በገዛ ቤታችን። ጎህ ሲቀድ እኔ እወጣለሁ፣ ዳቦና ቲማቲም ይዤ ሰው ሳይነቃ እገባለሁ። ትናንት ኤርጫፎን ከሩቅ አይቼ ሙዝ ተራ ውስጥ ተደበቅሁ። እሱን! በአርባ ምንጭ ከተማ የእኔን ፊት የማያውቅ ውሻ የለም፣ እንዴት ነው የምደበቀው?

ዛሬ ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። አገኘሽ እጇን አፌ ላይ አደረገች። ተንኳኳ። እንደገና ተንኳኳ። "ወይ ሰዎቹ..." አለ አንድ ድምፅ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እግሩ ራቀ። ሳላስነጥስ ያለፈው በተአምር ነው። በኋላ ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ታኅሣሥ 19

መጣ!!! ቪዛው መጣ! ለሁለታችንም! ስድስት ወር!

አገኘሽ እልል አለች። "ኧረ ይሰሙናል" አልኳት። "ይስሙና!" አለች። ብሩክታዊት በስልክ አለቀሰች፣ ባሏ ዳግም ከኋላ ይጮኻል፣ እኔ ጋቢዬን ለብሼ ሳሎን መሃል ቆሜያለሁ። ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዛሬ ዘልዬ አላውቅም። ጉልበቴ አሁን እየነገረኝ ነው።

ነገ ሻሺቱ እማዬን ይዛ ትወርዳለች።

ታኅሣሥ 22

እማዬና ሻሺቱ ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ለክኒኑ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

"ካርዱ አልታደሰም አሉን" አለች ሻሺቱ። "ቤተሰቡ በሙሉ ውጭ አገር ሄዷል ብሎ መዝገቡ ይናገራል።"

እማዬ በጋሞኛ፣ ረጋ ብላ ጠየቀችኝ። "እኔ የት ሄጄ ነው፣ ካሱ?"

ጠዋት ቀበሌ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 23

ቀበሌ ሄድኩ። ጌታነህ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ፣ ከዚያ ተቀመጠ፣ ከዚያ እንደገና ተነሣ።

"ጋሼ! አልሄዱም እንዴ?"

"አልሄድኩም።"

"ተመልሰው ነው?"

"አልሄድኩም አልኩህ እኮ። አዲስ አበባ ለአሻራ ነበር።"

"ሻንጣዎን እኮ የተሸከምኩት እኔ ነኝ!"

መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። በገዛ እጁ፣ በሚያምር ጽሑፉ። መላው ቤተሰብ ውጭ አገር ሄዷል። "አልቅሼ ነው እኮ የጻፍኩት" አለ። "ለዓመቱ የካርድ እድሳት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። በማግሥቱ ጻፍኩ። ለማትታከሙበት ለምን ትከፍላላችሁ ብዬ ነው..."

ታኅሣሥ 5! ያ ድምፅ! እኛ እጃችን አፋችን ላይ ሆኖ ስንስቅ የእማዬ መድኃኒት በር ላይ ቆሞ ነበር።

በማን ልቆጣ? በእሱ? ኢያኤል በጣቷ እየጠቆመች ነግራኝ የለ? አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። የእድሳቱ ጊዜ ታኅሣሥ 15 አልቋል፤ አሁን የሚወስነው የቀበሌው የጤና መድን ኮሚቴ ነው። ሊፈቅድም ላይፈቅድም ይችላል።

ታኅሣሥ 24

ክኒኑን ከፋርማሲ ገዛሁ። የዚህ ወር ተገኘ። ግን ሆስፒታል ብትተኛስ?

አገኘሽ ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። "እማማ ያለ ካርድ ከሆኑ እኔ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም። ልጄን እወዳታለሁ። ግን አልልም።" ከዚያ ጓሮ ገብታ ብቻዋን አለቀሰች፣ ሰማኋት። ብሩክታዊት ትኬት ልቁረጥ እያለች ነው። ቆይ አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀች። ቆይ ብቻ አልኩ።

ታኅሣሥ 26፣ እሁድ

ዛሬ ያደረግኸውን ጻፍ አንተ ሰውዬ፣ እንዳትረሳው።

ቤተክርስቲያን ሄድን፣ በግልጽ፣ ጋቢያችንን ለብሰን። ስንገባ ጉምጉምታው እስከ ጣሪያ። ወንጌላዊ ጢሞቴዎስን ማይክሮፎኑን ለመንኩት። "ወገኖቼ" አልኩ፣ "ተሸኝተን አልሄድንም። ቪዛ ሳይመጣ ነው የመረቃችሁን። ያን ዕለት መናገር ሲገባኝ አፈርኩ። ከዚያም ሦስት ሳምንት ቤቴ ውስጥ ተደበቅሁ። በእኔ እፍረት እናቴ መድኃኒት አጣች።"

ከኋላ አንዲት እናት "ሙዝ ተራ ውስጥ አይቼህ ነበር፣ መንፈስ መስለኸኝ ሮጥኩ!" ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አገኘሽ ራሷ በነጠላዋ ውስጥ ትንፈቀፈቃለች። እኔም... ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደ መሰለኝ።

ስንወጣ ጌታነህ ክንዴን ያዘ። "ጥፋቱ የኔም ነው፣ ሳላጣራ ጽፌያለሁ። ኮሚቴው ፊት ሁለታችንም እንቆማለን" አለ። ከኮሚቴው ሰዎች ሁለቱ እዚያው ወንበር ላይ ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

ጥር 4

ተፈቀደ! ጌታነህ ራሱ ቅጹን ይዞ ቤት መጣ። ሻይ አቀረብን፣ ሁላችንም ተቀመጥን፣ እማዬ ጥግ ላይ ጥጧን ትፈትላለች። ጌታነህ የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር። እናንተ ሁለታችሁ የካቲት ትሄዳላችሁ። የዓመቱ ካርድ በእርስዎ ስም ከሆነና መዝገብ ሲጣራ እንደገና 'የሉም' ከተባለ? እዚህ የሚኖረው ሰው በስሙ ቢይዘው ይሻላል። አባወራ ብዬ ማንን ልጻፍ?"

እኔ ሻሺቱን አየሁ። ሻሺቱ የጨንቻ መዝገብ ላይ ናት። አገኘሽ እኔን አየች።

"እኔስ?" አለች እማዬ።

ሁላችንም ዞርን። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ ጌታነህ እንዲሰማ። "እዚህ የምቀር እኔ ነው። የሚያመኝ እኔ ነው። ምነው የኔ ስም አይጻፍም?"

"እማማ፣ እርስዎ ጥገኛ ነበሩ..." አለ ጌታነህ።

"ማን ላይ ልጠጋ? ሄዱ አላልክም?"

ጌታነህ አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ እየሳቀ ጻፈ። እማወራ፣ ጌጤ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በር እያንኳኳሁ "የቤቱ ባለቤት ማነው?" ብዬ የጠየቅሁ ሰው፣ የገዛ እናቴን ግን አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ጥር 6

ቀበሌ ወሰድኳት። በባጃጅ፣ ከፊት መቀመጥ ፈልጋ ሾፌሩ ከለከላት። ለፎቶው ፈገግ እንዳትይ ሲሏት ኮስተር አለች፤ ፎቶው ላይ ዳኛ ትመስላለች። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። የእሷ አሻራ በአንድ ጊዜ ወጣ!

ካርዱ ላይ ለቤተሰብ ፎቶ የተተወ ቦታ አለ። ባዶ ነው። በጣቷ ነካካችው። "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ። "የኛ ነበር፣ እማዬ። ስንመጣ ይሞላል" አልኳት። ካርዱን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ጥር 21

ውልና ማስረጃ ጨረስኩ። ውክልናው ለሻሺቱ። ጡረታውን እየተቀበለች ለቤቱ ታውላለች። ከዚያ ሴቻ ወጥቼ ለኢያኤል "ጓደኛዬ የካቲት 3 ይሄዳል" አልኳት። "ለጓደኛዎ መልካም መንገድ" አለች።

የካቲት 2

ነገ ነው። በዚህኛው ጉዞ ሽኝት የለም። ወንጌላዊ ጢሞቴዎስ "አውሮፕላን ውስጥ ገብታችሁ በሩ ሲዘጋ ደውሉልኝ፣ ያን ጊዜ እንጸልያለን" አለ። ኤርጫፎ ደግሞ "እኔ ከሊድስ ፎቶ ካላየሁ አላምንም" ይላል።

እማዬ ልብሳችንን ስናሰናዳ አጠገባችን ተቀምጣ አንድ አንድ ዕቃ ታነሳለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። የሕፃኑን ጋቢ ግን ራሷ አጥፋ ከሁሉ በላይ አስቀመጠችው።

የካቲት 7፣ ሊድስ

ብርዱ! ይህን ለማንም አልጽፍም፣ አያምኑኝም። የአገኘሽን ካልሲ ደርቤ ነው የምተኛው።

ብሩክታዊት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሆዷ ቀድሟት መጣ። አገኘሽ ልጇን ሳይሆን ሆዱን ነው መጀመሪያ የሳመችው። ዳጣው በሰላም ደርሷል።

ዛሬ በእግር ስንሄድ መንገዱ ዳር መሬት ላይ ምን አየሁ? የውሃ ቆጣሪ ክዳን! ቁጭ ብዬ ልከፍተው ስል ዳግም "አባባ፣ ኧረ ፖሊስ ይጠራል!" ብሎ ጎተተኝ። ቁጥሩን ሳላይ ቀረሁ። አሁንም ያንገበግበኛል።

የካቲት 26

ሴት! ሦስት ኪሎ ከሁለት! ሁለቱም ደህና ናቸው!

አቀፍኳት። ጣቷ... የእኔን መስመሩ የጠፋ ጣት ጥርቅም አድርጋ ያዘችው። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም። ቪዲዮ ደውለን ለእማዬ አሳየናት። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታለቅስ ያየነው ጆሮዋን ብቻ ነው።

መጋቢት 20

አገኘሽ ቤቱን ተረክባለች። ገንፎ፣ ሽፈራው፣ የሕፃን ማጠብ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ። እኔ ደግሞ የሕፃን ጋሪ አዟሪ ሆኛለሁ። ሰፈሩን ጨርሼ አውቄያለሁ፣ አሥራ ሁለት ውሻ አለ፣ ስድስቱ ለምደውኛል።

ሚያዝያ 17

ሻሺቱ ደወለች። እማዬ ጠዋት አዙሯት ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ወደ ሆስፒታል ላኳት። ግፊቱ በጣም ወጥቷል። ተኝታለች።

እዚህ ቁጭ ብዬ ምን አደርጋለሁ? አውሮፕላን ዛሬ አለ? ብሩክታዊት ሕፃኗን ታቅፋ ታየኛለች። አገኘሽ ተንበርክካለች። ሻሺቱን "መታከሚያውስ? ከየት አመጣችሁ?" አልኳት። "ካርዱን ከደረቷ አወጣሁት። ራሷን ስታ እንኳ ይዛው ነበር። ተቀበሉት፣ ክፈሉ ያለን የለም" አለችኝ።

ሚያዝያ 20

አይኗን ገለጠች፣ በላች፣ ተናገረች። ጌታነህ በየቀኑ እየሄደ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ለነርሶቹም "እማወራ ናቸው፣ በደንብ ያዙልኝ" ይላል አሉ። ነገ ቤት ትገባለች። አምላኬ ሆይ፣ አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ... ዛሬ ከጋሪው ጋር ሁለት ሰዓት ዞርኩ። ፈረንጅ ሁሉ ሰላም አልኩ። መለሱልኝም!

ግንቦት 12

በባቡር ለንደን፣ ኤምባሲ። በሕይወት መኖሬን የሚያሳይ ወረቀት አሠራሁ። ሠራተኛው ፓስፖርቴን አየ፣ ፊቴን አየ፣ "በሕይወት አሉ" አለና ማኅተሙን መታው። ያን ያህል ቀላል ነበር። መደበቅ ነው የሚያስቸግረው። ወረቀቱን ለሻሺቱ ላክሁት።

ሰኔ 21

ትኬታችን ሐምሌ 2 ነው። አምስት ወሩ ሊሞላ። ቪዛው ግን አንድ ወር ይቀረዋል፤ ብሩክታዊት ትናንት ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀምጣ ጀመረች። "አባዬ፣ ትኬቱን በአንድ ወር ላራዝመው? እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ እገባለሁ..." ሕፃኗም አብራት እንደምትለምን ሁሉ ጢሜን ይዛ ትጎትታለች። አገኘሽ ድስት ታማስላለች፣ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነው።

ድሮ ቢሆን "እሺ" ወይም "አይሆንም" እል ነበር። የቤቱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ግን ስልኬን አነሳሁ።

"እማዬ" አልኩ፣ "ልጠይቅሽ ነው። አምስት ወር ብዬሽ ነበር። መጀመሪያም የተባለው ስድስት ነው፣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው የቀነስኩት። አንድ ወር ብንጨምርስ?"

ከወዲያ የመሐረብ ቋጠሮ ሲፈታ የሚመስል ነገር ሰማሁ።

"ካርዱን እያየሁ ነው" አለች በጋሞኛ። "እኔ ብቻዬን ነኝ እዚህ ላይ። ከኔ በታች ሁለት ቦታ ባዶ ነው። ሻሺቱ በየቀኑ ለምን ታይዋለሽ ትለኛለች።"

ብሩክታዊት እጄን ያዘች።

"እንመለስ እንግዲህ" አልኩ።

"ማን ተመለሱ አለህ? ጨቅላ ልጅ ጥለህ የት ልትመጣ! ወሩን ጨርሱ።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ አገኘሽም እንድትሰማ። "ስትመጡ ግን ሁለት ሁለት ፎቶ ይዛችሁ ኑ። ቀበሌ የማስመዘግባችሁ እኔ ነኝ። በኔ ሥር።"

"እሺ እማዬ" አልኩ።

ከሰዓት አማቼ ዳግም ፎቶ ቤት ወሰደን። ፈገግ እንዳንል ተነገረን። አገኘሽ ተሳካላት። እኔን አራት ጊዜ አነሱኝ።